የሃይብሪድ ሃርድ ዲስክ ፍጥነት በትክክል የሚለካው እንዴት ነው? ፍላሹ መሥራቱስ በምን ይታወቃል?

ጠያቂ፦ ሆጤ ጥገና (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ባለ 2.5 ኢንች ሃይብሪድ ዲስክ (የሚሽከረከር ሳህንና ፍላሽ ሜሞሪ አንድ ላይ ያለው) እጄ ላይ አለ። የሲጌት ሥሪት ነው፤ ሞዴሉ ኤስቲ1000ኤልኤም014፣ 1 ቴራባይት ሆኖ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በውስጡ አለው። ፒያሳ አካባቢ ላለ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ላፕቶፕ ላይ ሊገባ ነው። ላፕቶፑ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10፣ የዲስክ ቦታው አንድ ብቻ።

የዲስክ ፍጥነት መለኪያውን ክሪስታልዲስክማርክን ምንም ሳልነካካ እንዳለ አስኬድኩት። ተከታታይ ንባብ በሰከንድ 104 ሜጋባይት፣ ባለ 4 ኪሎባይት ራንደም (ከተበታተነ ቦታ የሚነበብ) ንባብ 0.42 ሜጋባይት። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ኤችዲ ቱን የሚባለው ሌላ መለኪያ ደግሞ የመድረሻ ጊዜውን 17.9 ሚሊሰከንድ አለኝ። ተራ ባለ 5400 ዙር ዲስክም ይህንኑ ነው የሚያመጣው። ፍላሹ ሞቷል ማለት ነው ወይስ አለካኬ ነው የተሳሳተው? ለደንበኛው «ይህ ይፈጥናል» ብዬ የማስረክበው ስለሆነ ሳላረጋግጥ መስጠት አልፈልግም።

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)

አብሽር ወንድሜ፣ ባየኸው ቁጥር ብቻ ዲስኩን አትኮንነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች የለኩልህ ሳህኑን እንጂ ፍላሹን አይደለም።

ዲስኩ የትኞቹ ብሎኮች ደጋግመው እንደሚነበቡ ራሱ ይከታተላል። የተደጋገሙትን ወደ ፍላሹ ይገለብጣቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠየቅ ሳህኑ ላይ መፈለጉን ትቶ ከፍላሹ ያቀብላል። ዊንዶውስ የሚያየው አንድ ተራ ዲስክ ብቻ ነው፣ በዚህ ሥራ ውስጥ እጁ የለበትም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተነብቦ የሚተው ነገር ከፍላሹ ምንም አያተርፍም።

አሁን ክሪስታልዲስክማርክን ተመልከተው። 1 ጊጋ የሙከራ ፋይል ይፈጥራል፤ ይህ በ4 ኪሎባይት ሲከፈል 262,144 ብሎክ ነው። ራንደም ንባቡን ለ5 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ ያስኬዳል፤ በድምሩ 25 ሰከንድ። ያንተ 0.42 ሜጋባይት በሰከንድ 100 ንባብ ገደማ ነው። 25 ሰከንድ በ100 ሲባዛ 2,500 ንባብ። ከ262,144 ብሎክ 2,500ው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሲጨርስ ፋይሉን ይሰርዘዋል፤ እንደገና ስትጫነው አዲስ ፋይል ይፈጥራል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት ያልከው ለዲስኩ ሦስት የተለያየ ፋይል ነው፤ የሚማርበት ፋታ አላገኘም።

ኤችዲ ቱንም በ1 ቴራው ላይ እየዘለለ በየቦታው ያነባል፣ ወደ ነካው ቦታ አይመለስም። 17.9 ያልከው ግን ደኅና ዜና ነው። 5400 ዙር በደቂቃ ማለት አንዱ ዙር 11.1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው ሴክተር ከዲስኩ ማንበቢያ ራስ (ሄድ) ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ራሱ ከትራክ ትራክ የሚሄድበት 12 ገደማ ሲጨመርበት 17 እና 18 ላይ ያርፋል። የሜካኒኩ ክፍል ጤነኛ ነው።

ወደ ፍላሹ ከመሄድህ በፊት የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈትና በጤና መዝገቡ 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 በተባሉት ረድፎች ላይ ያለውን ጥሬ ቁጥር እይ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዜሮ መሆን አለባቸው። ሲ5 ላይ ቁጥር ካለ ዲስኩ አንድ ሴክተር ላይ ተደጋግሞ እየሞከረ ይቆማል፣ ልኬትህ ሁሉ ይበላሻል። ሲ7 እየጨመረ ከሄደ ችግሩ ከማገናኛው ነው፤ ነቅለህ ፒኖቹን አጽዳና መልስ። 01 እና 07 ላይ ግዙፍ ቁጥር ብታይ አትደንግጥ፤ ሲጌት ጥሬ ቁጥሩን የሚጽፍበት መንገድ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

የላይኛው መልስ ልክ ነው። እኔ አለካኩን ልጨምር። ሃይብሪድ ዲስክ የሚለካው አንድን ሥራ ምንም ሳይቀይሩ በመደጋገም ነው። የመጀመሪያው ዙር ቁጥር ለብቻው ትርጉም የለውም፤ በመጀመሪያውና በስድስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው መልሱ።

ኡቡንቱ ወይም ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ በዩኤስቢ ፍላሽ አዘጋጅተህ ላፕቶፑን ከዩኤስቢው አስነሣ፤ የምትለካው ዲስክ ላይ ሌላ ሥራ እንዳይሄድ ነው። ኔት ባለበት ሰዓት ፊዮ የሚባለውን የዲስክ መለኪያ ፕሮግራም ጫን። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ 20 ጊጋ ፓርቲሽን ቁረጥና በኤክስት4 ፎርማት አድርገው። በኤንቲኤፍኤስ ላይ አትሞክረው፤ በሊኑክስ ላይ ራምን አልፎ በቀጥታ ማንበቡ ያስቸግራል። ዲስኩ ላይ የሚፈለግ ፋይል ካለ ደግሞ ፓርቲሽን ከመንካትህ በፊት ገልብጠህ አውጣ።

የፊዮ ቅንብሩ እንዲህ ይሁን፦ ራንደም ንባብ፣ የፋይል መጠን 1 ጊጋ፣ ብሎክ 16 ኪሎባይት፣ ወረፋ 1 (በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ)፣ ዳይሬክት 1 (ራምን አልፎ በቀጥታ ማንበብ)። ዳይሬክት የሚለውን ከረሳህ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። 4 ጊጋ ራም 1 ጊጋ ፋይልን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የምታየው የራምህን ፍጥነት ይሆናል። የራንደሙን ቅደም ተከተል አትንካው፤ ፊዮ ካልነገሩት በስተቀር በየዙሩ ያንኑ ቅደም ተከተል ይደግማል፣ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

ለምን 16 እንጂ 4 ኪሎባይት አይደለም ካልክ፣ ለጊዜ ነው። 1 ጊጋ በ16 ሲከፈል 65,536 ንባብ ነው፤ በሰከንድ 100 ብንል አንዱ ዙር 11 ደቂቃ ይፈጃል። በ4 ብታደርገው 262,144 ንባብ፣ 44 ደቂቃ። ስድስት ዙር ከአራት ሰዓት በላይ ሊሄድብህ ነው፤ በእኛ አገር መብራት ያን ያህል የሚታገሥህ አይመስለኝም።

ፊዮ መጀመሪያ ፋይሉን ይጽፈዋል። ከጻፈ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተወው፣ ዲስኩ የጀርባ ሥራውን ይጨርስ። ከዚያ ስድስት ዙር፣ በየመሐሉ 5 ደቂቃ ዕረፍት እየሰጠህ።

ውጤቱ ሲመጣ አማካዩን ብቻ አታንብብ። ከታች በኩል የምላሽ ጊዜው በመቶኛ ተከፋፍሎ ይወጣል፤ አንደኛው ረድፍ በማይክሮሰከንድ፣ ሌላው በሚሊሰከንድ። ሳህን የነካ ንባብ ከ4 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ፍላሽ የሰጠው ንባብ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው፣ ማለትም በማይክሮሰከንዱ ረድፍ። መሐል ላይ የሚቀመጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለት የተራራቁ ክምሮች ናቸው። እንግዲህ የማይክሮሰከንዱን ረድፍ ደምረህ በየዙሩ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከፍላሽ የወጣው ድርሻ ያ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀንስለት። ዲስኩ ከፍላሹ ሌላ 64 ሜጋባይት የራሱ ፈጣን ሜሞሪ አለው። 64 ከ1,024 ሲታይ 6 በመቶ ገደማ ነው። ከ1 ሚሊሰከንድ በታች የሆነው ድርሻ ስድስት ዙር ሙሉ 5 ወይም 6 በመቶ ላይ ቆሞ ከቀረ ያ ከዚህ ሜሞሪ የመጣ ነው፣ ፍላሹ አላገዘም። 20፣ 40፣ 60 እያለ ከወጣ ፍላሹ ሕያው ነው።

ከአራተኛው ዙር በኋላ ደግሞ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተህ አስነሣና አምስተኛውን ዙር አስኪድ። ፋይሉን እንዳትሰርዘው። ያ 64 ሜጋባይት ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፣ ራምህም ይጠፋል፤ ፍላሹ ግን የያዘውን አይለቅም። ከጠፋ በኋላም ፍጥነቱ ካልወረደ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም።

በጆሮም ይታወቃል። በመጀመሪያው ዙር መዳፍ የሚያርፍበትን ቦታ በጆሮህ ተጠጋው፤ ራሱ ሲመላለስ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ትክ ትክ ትሰማለህ። በስድስተኛው ዙር ትክትኩ እየሳሳ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጭራሽ ዝም ይላል፤ የሚቀረው የሞተሩ እምምታ ብቻ ነው።

ሆጤ ጥገና (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ። እንደተባለው አደረግኩት። ከ1 ሚሊሰከንድ በታች የሆነው ድርሻ፦ ዙር 1፣ 4 በመቶ። ዙር 2፣ 9። ዙር 3፣ 31። ዙር 4፣ 57። አጥፍቼ ካስነሣሁ በኋላ ዙር 5፣ 55። ዙር 6፣ 66። ፍላሹ ይሠራል ማለት ነው።

ዙር 2 መሐል ላይ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጥሎ ነበር፤ ይህ ቁጥሩን ይነካዋል? ሌላው፣ ደንበኛው የሚያየው ፊዮን ሳይሆን ማሽኑ በስንት ሰከንድ እንደሚነሣ ነው። ዊንዶውስን ጭኜ በእጅ ሰዓት ስለካው አንዴ 38፣ አንዴ 61፣ አንዴ 44 ሰከንድ ይመጣል። ምኑን ልያዝ? ደግሞስ የደሴ ከፍታ ለዲስክ ይከብዳል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

ሳላይሽ (ደሴ)

የመብራቱን መጀመሪያ ልመልስ። በባትሪ ሲሆን የኃይል ቅንብሩ ይለወጣል፤ ፕሮሰሰሩ ይቀንሳል፣ ዲስኩም ማንበቢያ ራሱን ቶሎ ቶሎ ወደ ማረፊያው ሊመልስ ይችላል። ከማረፊያ በተነሣ ቁጥር ያ ንባብ ይዘገያል። ዙር 2ን ጣለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወይ በቻርጀር ወይ በባትሪ ነው እንጂ ግማሽ ግማሽ አይሆንም። ዲስኩ ያገለገለ ስለሆነ ሲ0 የሚለውንም እይ፤ ኃይል ድንገት ሲቋረጥበት ራሱ በድንገት የተመለሰበትን ቁጥር ነው የሚይዘው። ከ0ሲ፣ ማለትም ከጠቅላላው የማብራት ቁጥር ጋር አስተያየው። የተቀራረቡ ከሆኑ ዲስኩ ኑሮውን ያሳለፈው በመብራት መቆራረጥ ነው።

አሁን ወደ ማስነሻው። በእጅ ሰዓት አትልካ፣ የዊንዶውስ መዝገብ ወደሚታይበት ኢቨንት ቪወር ግባ። በአፕሊኬሽንና ሰርቪስ ሎግ ሥር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ዳያግኖስቲክስ ፐርፎርማንስ፣ ኦፕሬሽናል። ቁጥር 100 የሚለው መዝገብ የማስነሻውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይዟል። ዝርዝሩን ስትከፍተው ጠቅላላው ለሁለት ተከፍሎ ታገኘዋለህ፤ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ያለው ዋና መንገድ፣ እና ከዚያ በኋላ ማሽኑ እስኪረጋ ያለው። የመጀመሪያውን ያዝ። ሁለተኛው አንቲቫይረሱና ከጀርባ የሚነሡ ፕሮግራሞች የሚረብሹት ስለሆነ ካንዱ ቀን ወዳንዱ ይዋዥቃል።

ያንተን 38፣ 61፣ 44 ያመጣው ፋስት ስታርትአፕ ይመስለኛል። እሱ በርቶ ከሆነ «ሻት ዳውን» ስትል ዊንዶውስ በትክክል አይጠፋም፤ ሥርዓቱን ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ ሲነሣም አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ያነባል። «ሪስታርት» ስትል ግን ከባዶ ይነሣል። አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ካደረግከው ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምትለካው። ከኃይል ቅንብሩ ውስጥ አጥፋውና ሁልጊዜ በሪስታርት ለካ።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ልጨምር። ማስነሻን የሚማረው ዲስኩ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ ሬዲቡት የሚባል ነገር አለው፤ ያለፉትን አምስት ማስነሻዎች አይቶ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ወደ ራም ያነባል። ስለዚህ ተራ ዲስክም ቢሆን አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይፈጥናል። «ሃይብሪዱ ከ60 ወደ 40 ሰከንድ ወረደ» ብለህ ለደንበኛው ብትናገር ግማሹ የዊንዶውስ ሥራ ሊሆን ይችላል። ማነጻጸሪያ ያስፈልግሃል፦ ተራ ባለ 5400 ዲስክ ካለህ ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ያንኑ ኢሜጅ (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) አስገባበት፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ሶኬት። ሁለቱንም ስድስት ጊዜ ሪስታርት አድርገህ አስተምራቸው፤ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ያለውን ለካና መካከለኛውን ቁጥር ውሰድ። አማካይ አታውጣ፣ አንድ የዊንዶውስ አፕዴት አማካዩን ያጠፋዋል። በየሪስታርቱ መሐል ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ 4 ደቂቃ ያህል ቆይ።

በሙከራው ጊዜ ሁለት ነገር አጥፋ። አንደኛው አፕዴት ነው። ሁለተኛው በየሳምንቱ የሚሄደው ዲፍራግ፣ ማለትም የተበታተኑ ፋይሎችን ቦታ የሚያስይዘው ሥራ። ዲስኩ ለዊንዶውስ ራሱን የሚያስተዋውቀው 5400 ዙር እንዳለው ተራ ዲስክ ስለሆነ ዲፍራጉ አይቀርለትም። ፍላሹ ደግሞ የሚያውቀው የብሎክ ቁጥር እንጂ የፋይል ስም አይደለም። ዲፍራግ ፋይሉን ከቦታው ሲያነሣ ዲስኩ የተማረው ቁጥር ባዶ ቤት ይሆንበታል፣ እንደ አዲስ ይማራል። ለደንበኛው ስታስረክበውም የዲፍራጉን ፕሮግራም በየወሩ ብታደርገው ይሻላል።

ከፍታውን በተመለከተ፦ የዲስክ ራስ በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ ጥያቄው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሲጌት ለሥራ የሚፈቅደው ጣሪያ ግን 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ሁለቱም ከጣሪያው በታች ናቸው። ስስ አየር ሙቀት በደንብ ስለማያስወጣ የዲስኩን ሙቀት ግን ተከታተል፤ 60 ዲግሪ የመጨረሻው ነው፣ 50 ሲደርስ የላፕቶፑን ማራገቢያ ከአቧራ አጽዳው።

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ)

የሬዲቡቱን ነገር እኔም ዘንግቼው ነበር፣ ተባረክ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንዲት ማስጠንቀቂያ። መለያው ላይ «ኤስኤስኤችዲ» (ሃይብሪድ) የተጻፈውን «ኤስኤስዲ» (ሳህን የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ፍላሽ የሆነ) ብለው የሚሸጡ አሉ፤ መሐል ያለችው አንዲት ፊደል ናት ልዩነቱ። ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ የዙር ፍጥነት የሚለው 5400 ወይም 7200 ካለ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ኤስኤስዲ ከሆነ እዚያ ቦታ የዙር ቁጥር አይወጣም። ከመክፈልህ በፊት ይህን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው።

የኮምቦልቻ ቴክኒሻን

ልኬቱ ጥሩ ነው፣ ምርጫው ላይ ግን እለያለሁ። የጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ 1 ቴራ ምን ያደርግለታል? ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ የግዕዝ መጻፊያ፣ የስካነር ፕሮግራም፤ ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃዋል። ተራ የሚባለው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ ባለ 4 ኪሎባይት ራንደም ንባቡ ከ20 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ያንተ ሳህን 0.42። መማር አይፈልግም፣ ዲፍራግ አያውከውም፣ በጀበና አጠገብ ጠረጴዛው ሲናወጥ ራሱ ሳህን አይነካም።

ሃይብሪዱ ዋጋ የሚኖረው የዲስክ ቦታው አንድ ሆኖ ብዙ ፋይል ለሚይዝ ሰው ነው፣ ለምሳሌ ለፎቶ ቤት። እሱም ቢሆን የሚጠቅመው በየቀኑ ያንኑ ዊንዶውስና ያንኑ ሁለት ሦስት ፕሮግራም ለሚከፍት ነው። ጽሑፍ ላይ ምንም አትጠብቅ፤ ከዩኤስቢ ፍላሽ 30 ጊጋ የሠርግ ፎቶ ስትገለብጥበት የምታገኘው የሳህኑን ፍጥነት ነው።

ፋየርኩዳ የሚባሉት የሲጌት ባለ 2.5 ኢንች ሃይብሪዶች፣ ኤስቲ1000ኤልኤክስ015 እና ኤስቲ2000ኤልኤክስ001፣ ትራካቸው እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ነው። ብዙ ስትጽፍባቸው መጀመሪያ ፈጥነው በኋላ በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ፤ የተጻፈውን ቦታ ቦታ ማስያዝ ይጀምራሉና። እነሱን የሚለካ ሰው ኢሜጁን ካስገባ በኋላ ሩብ ሰዓት አይበቃውም፤ ማሽኑን እንዳይተኛ አድርጎ ሌሊቱን በርቶ ይተወው፣ ጠዋት ይለካ።

ሆጤ ጥገና (ደሴ)

ደንበኛው የቆዩ የስካን ፋይሎች ብቻ ወደ 400 ጊጋ አለው፤ ከማሽኑ እንዲወጡበት አይፈልግም። ስለዚህ ሃይብሪዱ ይቆያል። ተራ ባለ 5400 ዲስክ አግኝቻለሁ፣ ክሎንዚላው እየሄደ ነው። ስድስቱን ሪስታርት ለሁለቱም ጨርሼ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ያለውን እዚሁ እጽፋለሁ። ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ነበር፣ አጥፍቼዋለሁ።

ሳላይሽ (ደሴ)

ስትጽፍ አምስቱንም ቁጥር ጻፍልን፣ መካከለኛውን ብቻ አይሁን። ኦፊስ ዎርድን ከሪስታርት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍተው የሚፈጀውንም ለካ፤ ደንበኛህ በቀን ስንቴ የሚጠብቀው እሱን ነው። ያን ስትለካ ሲስሜን የሚባለውን የዊንዶውስ ሰርቪስ በሁለቱም ዲስክ ላይ አጥፋ፤ ካለዚያ ዎርድን አስቀድሞ ወደ ራም እያመጣ ዲስኮቹን እኩል ያስመስላቸዋል። ስትጨርስ መልሰህ ማብራትህን እንዳትረሳ።